ሲልቨር ስፕሪንግ ያለውን ቤት ከመሸጥሽ በፊት

የእህቴ ልጅ፣ ቤቱን ለመሸጥ መወሰናችሁን እናትሽ ነገረችኝ። ደግ አደረጋችሁ። አዲስ አበባ ላይ ሥራና ልጆች ይዞ፣ ባሕር ማዶ ያለ ቤት ጣሪያው አፈሰሰ፣ ተከራዩ ዘገየ ሲሉ መኖር አድካሚ ነው። ነገር ግን ሪልቶሯ፣ ማለት የቤት ደላላዋ፣ የላከችልሽን ውል ከመፈረምሽ በፊት ይህን ደብዳቤ ከባልሽ ጋር ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። እኔ እዚህ አሜሪካ ዕድሜዬን የገፋሁት የሰው ግብር በመሥራት ነው። ቤታቸውን ሸጠው፣ ገንዘባቸው ተይዞባቸው፣ ወራት ሙሉ ስልክ ሲደውሉ የኖሩ ወገኖቻችንን ብዙ አይቻለሁ። አብዛኞቹን የጎዳቸው ግብሩ አልነበረም፤ ከሽያጩ ቀን በፊት መግባት የነበረበት ማመልከቻ ሳይገባ መቅረቱ ነው።

መጀመሪያ ማን እንደሆንሽ እንለይ። «ዋሽንግተን ስንት ዓመት ኖሬ፣ ቤት ገዝቼ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ይዤ እንዴት የውጭ ሰው እባላለሁ?» ትዪ ይሆናል። የአሜሪካ የግብር ሕግ አሜሪካዊ ያልሆነን ሰው ነዋሪ ብሎ የሚቆጥረው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ግሪን ካርድ ነው። ሁለተኛው የቀን ቆጠራ ነው፤ የዘንድሮው ቀን በሙሉ፣ የአምናው ሲሶው፣ የካቻምናው ስድስተኛው ተደምሮ 183 ከሞላና ዘንድሮ ቢያንስ 31 ቀን ከቆየ ነዋሪ ይባላል። አንቺ ግን የኖርሽው በጂ-4 ቪዛ ነው። በዓለም አቀፍ ድርጅት ሠራተኝነት በጂ-4 የኖርሽባቸው ቀናት፣ የባልሽም በአንቺ ስም የኖረባቸው ቀናት፣ በዚህ ቆጠራ ውስጥ አይገቡም። ስለዚህ እዚህ ስትኖሩም፣ ከታች ለምነግርሽ የቤት ሽያጭ ግብር ሕግ የውጭ ሰዎች ነበራችሁ፤ አዲስ አበባ ከገባችሁ በኋላማ ጥያቄም የለው። ከጎናችሁ ይኖር የነበረው የሐረር ልጅ ግን ዜግነት ስለወሰደ፣ ነገ ጠቅልሎ ድሬዳዋ ቢገባም ይህ ሕግ አይነካውም። ሕጉ የትውልድ አገርሽን አይጠይቅም። የሚጠይቀው የግብር ሁኔታሽን ነው።

ይህን አስቀድሜ የነገርኩሽ በክሎዚንጉ፣ ማለት ሽያጩ በሚጠናቀቅበት፣ ቀን ስለምትቀርብልሽ አንዲት ገጽ ብዬ ነው። ከወፍራሙ የወረቀት ክምር መካከል የምትገኝ፣ ግማሽ ገጽ የማትሞላ ናት። «ሻጩ ለአሜሪካ የገቢ ግብር ዓላማ የውጭ ሰው አይደለም» የሚል ዓረፍተ ነገር አላት፤ ከሥሩ ስም፣ የግብር መለያ ቁጥር፣ የመኖሪያ አድራሻ፤ ከዚያም ሐሰት ከሆነ በወንጀል እንደሚያስጠይቅ ተጽፎ የፊርማ መስመር ይመጣል። የስም ዝውውሩን የሚያስፈጽመው የታይትል ካምፓኒ ሠራተኛ ቁጥርሽን ስታይ በደህና ልብ «እዚህም ፈርሚ» ትልሻለች። እንዳትፈርሚ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር መያዝ ነዋሪ አያደርግም። ያቺ ወረቀት ስትፈረም ገዢው ከዋጋው ላይ ለግብር የሚይዘው ተቀናሽ ይቀራል፣ ገንዘቡም በሙሉ ይገባልሻል፤ የምትገቢበት ግን የሐሰት መሐላ ነው። «ማን ያውቃል?» የሚልሽ ዘመድ ወይም ጓደኛ አይጠፋም። የአድራሻው መስመር ላይ አዲስ አበባ ብለሽ ልትጽፊ አትችዪም፣ የሰው አድራሻ ልትዋሺ ነው ማለት ነው። የአያትሽ የልጅ ልጅ እንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ስሟን አታኖርም።

አሁን ወደ ሕጉ እንምጣ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። እስከ 1980 ድረስ የውጭ ሰው አሜሪካ ውስጥ ቤት ወይም መሬት ገዝቶ አትርፎ ሲሸጥ፣ ንግዴ ብሎ የያዘው ካልሆነ በቀር፣ ለአሜሪካ መንግሥት ግብር ሳይከፍል ትርፉን ይዞ መሄድ ይችል ነበር። በ1970ዎቹ መጨረሻ የውጭ ገንዘብ የእርሻ መሬት እየገዛ የአገሬውን ገበሬ ከገበያ እያስወጣ ነው የሚል ስጋት ተነሣ። በ1978 የውጭ ባለቤቶች የእርሻ ይዞታቸውን እንዲያሳውቁ የሚያስገድድ ሕግ ወጣ። ዲሴምበር 5 ቀን 1980 ደግሞ ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር የፈረሙት ሕግ የውጭ ሰው ከአሜሪካ ቤትና መሬት ሽያጭ ባገኘው ትርፍ ላይ እንደ አገሬው ሰው ግብር እንዲከፍል አደረገ። እዚህ ያሉ ሰዎች በእንግሊዝኛው ምሕጻር «ፊርፕታ» ይሉታል። ሪልቶሯም በዚሁ ስም ትጠራዋለች።

ግብሩ ብቻውን አልበቃም። ሻጩ ገንዘቡን ይዞ ከአገር ከወጣ በኋላ ማን ያገኘዋል? ስለዚህ በ1984 ኮንግረስ ኃላፊነቱን ወደ ገዢው አዞረው። ገዢው ከዋጋው ላይ ቀንሶ ለግብር መሥሪያ ቤቱ፣ ለአይአርኤስ፣ እንዲያስገባ፣ ካላስገባ ከራሱ ኪስ እንዲከፍል ተደነገገ። አዲስ አበባ ነጋዴዎቹ ዊዝሆልዲንግ የሚሉት ዓይነት ነው። መጀመሪያ 10 በመቶ ነበር፤ ከፌብሩዋሪ 17 ቀን 2016 ጀምሮ 15 በመቶ ሆነ።

በአንድ አገር መሬት ላይ ከተገኘ ትርፍ ለዚያ አገር ድርሻ መክፈል ተገቢ ነው፤ በዚህ ሕጉን አልቃወምም። የሚከነክነኝ ተቀናሹ የሚሰላው ከትርፍሽ ላይ ሳይሆን ከሙሉው የሽያጭ ዋጋ ላይ መሆኑ ነው። አትርፈሽም ከስረሽም፣ የባንክ ዕዳ ቢኖርብሽም ባይኖርብሽም ያው ነው። ይህን በቁጥር ላሳይሽ። የእናንተን ቤት ትክክለኛ ሂሳብ ወረቀቶቹን ሳይ እሠራዋለሁ፤ ለጊዜው እንዲህ እንበል።

ቤቱን በ420,000 ዶላር ገዛችሁት። በግዢው ጊዜ የወጡ ወጪዎች 8,000፣ ኩሽናውንና ምድር ቤቱን ለማሳደስ 22,000 አወጣችሁ። መነሻ ዋጋችሁ 450,000 ሆነ ማለት ነው። አሁን 560,000 ተሰጣችሁ። ለሪልቶርና ለሌላው የሽያጭ ወጪ 35,000 ይውጣ፤ የሞርጌጁ ቀሪ ዕዳ 380,000 ይሁን። ከዕዳና ከወጪ በኋላ እጃችሁ ሊገባ የሚገባው 145,000 ዶላር ነው። የ560,000 ዶላር 15 በመቶ ግን 84,000 ነው። እሱ ሲቀነስ 61,000 ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ከሚደርሳችሁ ገንዘብ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ወደ አይአርኤስ ሄደ።

ትክክለኛው ግብርስ ስንት ነው? ከ560,000 የሽያጭ ወጪው ሲወጣ 525,000 ይቀራል። ቤቱን ያከራያችሁበትን ጊዜም እናስብ። የሚከራይ መኖሪያ ቤት ሕንጻው በ27 ዓመት ተኩል ተከፋፍሎ የእርጅና ቅናሽ ይታሰብለታል። መሬቱ አያረጅምና አይቆጠርም። የሕንጻው ድርሻ 330,000 ከሆነ በዓመት 12,000፣ በሁለት ዓመት 24,000 ይሆናል። መነሻ ዋጋችሁ በዚያው ልክ ወርዶ 426,000 ስለሚሆን ትርፉ 99,000 ነው። ከዚህ ውስጥ በእርጅና ቅናሹ የመጣው 24,000 ቢበዛ በ25 በመቶ ይታሰባል፤ ከ6,000 ዶላር አይበልጥም። ቀሪው 75,000 ግን የኖራችሁበት ቤት ስለሆነ ከግብር ነፃ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ አስቢው፤ 84,000 ተይዞ ግብሩ ቢበዛ 6,000።

ነፃ የሚሆነው እንዴት ነው? ከሽያጩ ቀን ወደ ኋላ በሚቆጠሩ አምስት ዓመታት ውስጥ ቢያንስ ሁለቱን ዓመት ቤቱ ዋና መኖሪያሽ ከነበረና የራስሽ ከነበረ፣ ለአንድ ሰው እስከ 250,000 ዶላር የሚደርስ ትርፍ ግብር አይከፈልበትም። የውጭ ሰው ነሽ ተብሎ ይህ መብት አይነፈግሽም። ባልሽም በስሙ ያለው ድርሻና አብሮሽ የኖረበት ጊዜ ስላለ በራሱ በኩል ይጠይቃል። ከቤቱ ከወጣችሁ ሁለት ዓመት አልፏል። ሦስት ዓመት ከሞላ በኋላ ብትሸጡ ያ መብት ያመልጣችኋል፤ ያኔ ነፃ ይሆን የነበረው ትርፍም ግብር ይነካዋል፣ እንደ ገቢያችሁ መጠን 0፣ 15 ወይም 20 በመቶ። ስለዚህ «ዋጋው ትንሽ ይጨምር» ብላችሁ አንድ ዓመት ለመጠበቅ የምታስቡ ከሆነ ጭማሪው ይህን የሚያካክስ መሆኑን አስቡ። እኔ ብሆን አልጠብቅም።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የእርጅና ቅናሹን በየዓመቱ በታክስ ወረቀታችሁ ላይ ባትጠይቁትም አይአርኤስ እንደጠየቃችሁት አድርጎ ያሰላዋል። ኪራዩን አሳውቃችሁ ታክስ ፋይል አድርጋችኋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ካላደረጋችሁ ዛሬውኑ ንገሪኝ። የውጭ ሰው የሚያገኘው የቤት ኪራይ ምንም ወጪ ሳይቀነስለት ከጠቅላላው 30 በመቶ ይነካዋል። በጊዜ ፋይል አድርጎ እንደ ንግድ ገቢ ይታይልኝ ብሎ ከመረጠ ግን የሞርጌጅ ወለዱን፣ ጥገናውን፣ ኢንሹራንሱን፣ የቤት ግብሩን ቀንሶ ከትርፉ ላይ ብቻ ይከፍላል። ሽያጩ ይህን የኋላ መዝገብ ሁሉ ያስነሣዋል፤ የተዘለለ ዓመት ካለ ከሽያጩ በፊት ይስተካከል።

አሁን ዋናው ምክሬ። ተቀናሹን መቀነስ ወይም ማስቀረት የሚቻለው ፎርም 8288-ቢ በሚባል ማመልከቻ ነው። በማመልከቻው ላይ ከላይ የሠራሁልሽን ሂሳብ ከማስረጃው ጋር ለአይአርኤስ ታቀርቢያለሽ፤ «የእኔ ግብር ቢበዛ ይህን ያህል ነው፤ ከዚያ በላይ አይቀነስብኝ» ትያለሽ። አይአርኤስ ሰነዱ የተሟላ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ በ90 ቀን ውስጥ መልስ ይሰጣል። ማመልከቻው ግን የግድ ከክሎዚንጉ ቀን ሳያልፍ መላክ አለበት። በማግስቱ ቢላክ ዋጋ የለውም። በጊዜው ከተላከ ክሎዚንጉ መልሱን መጠበቅ አያስፈልገውም። ገዢው ገንዘቡን ይቀንሳል፣ ግን ወደ አይአርኤስ አይሄድም። መልሱ በፖስታ ከተላከ እስከ 20ኛው ቀን ድረስ በታይትል ካምፓኒው ኤስክሮ፣ ማለት በአደራ ሂሳብ፣ ይቀመጣል፤ ሲፈቀድም ቀጥታ ወደ አንቺ ይመለሳል። ማመልከቻ ከሌለ ግን ገዢው ከሽያጩ በ20 ቀን ውስጥ ፎርም 8288 ሞልቶ ገንዘቡን ያስገባል። ከዚያ በኋላ ገንዘብሽን የምታገኚው በሚቀጥለው ዓመት 1040-ኤንአር የሚባለውን የውጭ ሰው የግብር ፎርም ፋይል አድርገሽ በሪፈንድ መልክ ነው። ያኔም 8288-ኤ የሚባለው ወረቀት በአይአርኤስ ማኅተም ተመትቶ በፖስታ እስኪደርስሽ መጠበቅ አለ፤ ፖስታው የተላከበት አድራሻ ከተሳሳተ ደግሞ ሌላ ፍለጋ ነው። ጃንዋሪ ላይ የሸጠ ሰው ከዓመት በላይ ሲጠብቅ አይቻለሁ፤ ያውም ያለ ወለድ የተቀመጠበት የልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ነበር።

የባልሽ ነገር ያሳስበኛል። አንቺ ቁጥር አለሽ፣ እሱ ግን ሥራ ስላልሠራ ሶሻል ሴኩሪቲ የለውም። ቤቱ በሁለታችሁ ስም ነው፤ ስለዚህ እሱም በግማሹ ሻጭ ነው፣ ከእሱም ድርሻ ይቀነሳል። የግብር መለያ ቁጥር፣ አይቲን የሚሉትን፣ ካላወጣ ማመልከቻውም አይሠራለትም፣ የተቀነሰውም በስሙ አይመዘገብለትም። የአይቲኑ ማመልከቻ ደብሊው-7 ይባላል፤ ከ8288-ቢው ጋር ተያይዞ ሊላክ ይችላል። ፓስፖርቱን ዋናውን በፖስታ ወደ ቴክሳስ፣ ወደ ኦስቲን እንዳትልኩት፤ ለወራት ያለ ፓስፖርት መቀመጥ ማለት ነው። አይአርኤስ ያጸደቃቸው፣ ፓስፖርቱን አይተው የሚያረጋግጡ ወኪሎች አሉ፤ በእነሱ በኩል እናድርገው።

ስለ ገዢውም ልብ በዪ። ዋጋው ከ300,000 ዶላር የማይበልጥ ቤት ገዢው ራሱ ሊኖርበት ከሆነ ምንም አይቀነስም። የእናንተ ቤት ከዚያ በላይ ነው፤ እስከ 1,000,000 ለሚደርስ ቤት ገዢው ሊኖርበት ከሆነ ተቀናሹ ከ15 ወደ 10 በመቶ ይወርዳል። በላይኛው ምሳሌ 84,000 የነበረው 56,000 ይሆናል። ሊኖርበት ነው የሚባለው እሱ ወይም ቤተሰቡ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በእያንዳንዱ፣ ቤቱ ሰው ከሚኖርበት ቀን ቢያንስ ግማሹን ሊኖሩበት ቁርጥ ዕቅድ ሲኖራቸው ነው። ይህንንም በጽሑፍ ይፈርማል። ኤልኤልሲ በሚሉት ድርጅት ስም የሚገዛ ይህን ሊፈርም አይችልም። ስለዚህ ሁለት ዋጋ ተቀራራቢ ሆነው ቢመጡልሽ፣ አንዱ ከነልጆቹ ሊገባበት የሚፈልግ፣ ሌላው ሊያከራየው የሚገዛ ኩባንያ ከሆነ፣ ለባለ ልጆቹ ብትሸጪ ደስ ይለኛል። ተቀናሹም ያንሳል። ሻጩ የውጭ ሰው መሆኑ በውሉ ላይ ከመጀመሪያው ይጻፍ። ኃላፊነቱ የገዢው ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት የሰማ ገዢ ይደነግጣል፤ ውል ሲፈርስም አይቻለሁ።

ቤቱ ያለባት ሜሪላንድ ደግሞ የራሷ ተቀናሽ አላት። በግዛቱ የማይኖር ሻጭ ለግዛቱ ግብር የሚሆን ተቀናሽ ሳይከፍል ወይም ነፃ የሚያደርግ ሰርተፍኬት ሳያመጣ የቤቱ ስም ዝውውር በፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት አይመዘገብም። የእነሱ የሚሰላው ዕዳና ወጪ ከተነሣለት ገንዘብ ላይ ነው፤ በዚህ ከፌዴራሉ ይሻላል። ለእሱም ማመልከቻ አለ፤ ቢያንስ ከክሎዚንጉ 21 ቀን በፊት መግባት አለበት። ቤቱ ወንዙን ተሻግሮ ቨርጂኒያ ቢሆን ኖሮ በሽያጩ ዕለት የሚቀነስ የግዛት ግብር አይኖርም ነበር፤ አንድ የምዝገባ ፎርም ብቻ ነው።

እናትሽ «ለምን ይሸጣሉ፣ ለልጆቹ ይቆይ» ብላለች። የእናት ልብ ነው፤ ግን ይህን ንገሪያት። የአሜሪካ ዜጋ ወይም በዚህ አገር ጠቅልሎ የሚኖር ሰው ሲሞት በሚሊዮኖች የሚቆጠር ሀብት ያለ ውርስ ግብር ያስተላልፋል። አሜሪካ ጠቅልሎ የማይኖር የውጭ ሰው ግን እዚህ አገር ካለው ሀብት ነፃ የሚደረግለት 60,000 ዶላር ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው እስከ 40 በመቶ ይነካዋል። እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጣችሁ እንጂ፣ ይህ ቤት በስማችሁ እንዳለ አንዳችሁ ብትታጡ ለልጆቹ የሚተርፈው ከዚህ ሽያጭ ከሚተርፈው ያነሰ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ያለው የአጎታችሁ ልጅ ስም ላይ እናዙረው የሚለውን ሐሳብም ተዉት። በስጦታ የተላለፈ ቤት የእናንተን የድሮ መነሻ ዋጋ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ስጦታው ራሱ ግብር ሊያስከፍላችሁ ይችላል፤ ቤተሰብም ያጋጫል።

ኢትዮጵያና አሜሪካ የገቢ ግብር ስምምነት የላቸውም፤ ስለዚህ «በስምምነቱ መሠረት ነፃ ነኝ» የሚባል ነገር የለም። በአዲስ አበባ በኩል ደግሞ በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ2008 የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 በኢትዮጵያ ነዋሪ የሆነ ሰው በውጭ አገር የሚያገኘውንም ገቢ ይመለከታል፤ በውጭ የተከፈለውን ግብር የሚያቀናንስበት መንገድም አለው። ስለዚህ እዚህ የከፈላችሁበትን ማስረጃ ሁሉ አስቀምጡ። እዚያ ያለ የግብር አማካሪም አንድ ጊዜ ይየው፤ እኔ የዚያን አገር ሥራ አልሠራሁምና በእሱ ላይ ቃሌን አልሰጥም።

የአሜሪካ ባንክ ሂሳባችሁን ሪፈንዱ እስኪገባ አትዝጉ። ታይትል ካምፓኒው የቀጠረው ጠበቃ የእናንተ ጠበቃ አለመሆኑን እወቁ። ፊርማውን ለወኪል የምትሰጡ ከሆነ ውክልናው የሽያጩን ሰነዶች እንጂ ያቺን የውጭ ሰው አይደለሁም የምትለውን ገጽ አይጨምር፤ ይህን በግልጽ አስጽፉት። ውሉን ዛሬ ማታ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ የክሎዚንጉ ቀን በጣም የቀረበ ከሆነ ሪልቶሯን እኔ ራሴ አነጋግሬ ሦስት፣ አራት ሳምንት እንድታራዝም እጠይቃታለሁ። ባልሽ ደግሞ የኩሽናውንና የምድር ቤቱን ዕድሳት ደረሰኞች፣ ቤቱ የተገዛበትን የሂሳብ መግለጫና የሁለቱን ዓመት የኪራይ መዝገብ ይፈልግ። የኮንትራክተሩ ደረሰኝ ከጠፋ የተከፈለበት የባንክ መግለጫም ያገለግላል።